በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ

ሞጣ ገበያ ውስጥ ውሃ ውስጥ የተነከረ ስንደዶ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም እግሬ ይታሰራል። ዝናብ የነካው የጤፍ ክምር ዓይነት ሽታ ነው። ያኔ ሕንድ አገር የተከራየናት ጠባብ ክፍል እንዲህ ትሸት ነበር።

እናቴን ለልብ ሕክምና ይዣት የሄድኩት ኮሌጅ በጨረስኩ ዓመት ነው። ከቢቸና ስንነሳ ልብሷን ትታ ስንደዶ፣ ባለቀለም አለላና ወስፌዋን ሻንጣው ውስጥ ጠቀጠቀች። ስቆጣት፣ "ታዲያ እጄን አጣጥፌ ሞትን ልጠብቀው?" አለችኝ። ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እሷ ግን ካረፈች ቆየች።

ቀጠሮው ሲራዘም ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሙዳይ መስፋት ጀመረች። አንድ ጠዋት አረንጓዴ ሳሪ የለበሰች የአገሬው ሴት መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ትንሽ ልጇ እዚያው ሆስፒታል ተኝታባታለች። ሴትዮዋ ስታይ ስታይ ቆየችና እጇን ዘረጋች፤ እናቴም ወስፌውን ሰጠቻት። ወጋች፣ አዞረች፣ ሳበች። ልክ እንደኛው፣ ግን ወደ ግራ። እናቴ በሳቅ ፈረሰች።

"ምነው እቴ፣ ወደ ኋላ ልትመልሺኝ ነው?"

ሴትዮዋም በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር መለሰችና አብራ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ አስተርጓሚ የፈለገ የለም። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በራሷ፣ ሲያወጉ ይውላሉ። ልጅቷ ሻል ሲላት በተሽከርካሪ ወንበር ትወጣና እየሳለች፣ እየሳቀች አለላ ታቀብላቸዋለች። እናቴ "ይቺ ባለሙያ ናት የምትሆነው" ትላት ነበር።

የእናቴ ኦፕራሲዮን ተሳካ። ተደግፋ መራመድ በጀመረች ጠዋት በረንዳው ላይ ሴትዮዋን ብቻዋን አገኘናት። እጇ ባዶ ነበር፤ የሚነግረን ሰው አላስፈለገንም። እናቴ የደረቷ ቁስል ገና ሳይጠግግ የሴትዮዋን ራስ ወደ ትከሻዋ ሳበች። "እህቴን፣ እህቴን" ትላት ነበር፣ ደጋግማ።

ቢቸና ስንገባ ጎረቤቱ ደጃችን ላይ በእልልታ ተቀበለን። እናቴ እጇን አነሳች።

"እልልታውን አቆዩልኝ። ልጅ ሞታብኛለች።"

"ኧረ የማን ልጅ?" አሉ ደንግጠው።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ሴቶቹም አንድ በአንድ አጠገቧ ተቀመጡ። ስሟ ለአፋቸው ስላልተመቻቸው፣ "ልጃችን" እያሉ አለቀሱላት።