ሁለተኛው የጨረቃ ምስክር

ልጅ ሳለሁ የበደለኝ ሰው ከድር አወል ይባላል። ዛሬ ሐጂ ከድር ነው፤ ጢሙን ሒና ተቀብቶ ሠርግ ላይ ፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ሲያየኝም ቀድሞኝ ተነሥቶ ሰላም ይለኛል። እመልስለታለሁ። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው፣ መውደድ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቀው ስል ስል ይኸው ሸበትኩ፤ እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝ።

መቂ ያኔ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች እንጂ ከተማ ልትባል ገና ነበረች። ከመስጊዱ አጠገብ ሼህ ሁሴን የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በመግሪብና በኢሻ ሰላት መሀል ባለችው ጊዜ የሰፈር ልጆች በረንዳቸው ላይ እንሰበሰባለን፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ፣ ማንም አይከለከልም። እሳቸው የከሰል ካውያቸውን ክዳን ከፍተው እፍ ሲሉበት ፍሙ ከታች ፊታቸውን ያቀላዋል፤ ኩራዙ ይጨሳል፣ የተተኮሰው አቡጀዲ ሽታ ከጭሱ ጋር ይደባለቃል፣ እኛም ቀረብ እንላለን፣ ታሪኩ ይጀምራል። ባሕር ተሻግረው ወደ እኛ አገር የተሰደዱትን የነቢዩን ሰዎች፣ አሳልፌ አልሰጥም ያለውንም ንጉሥ የሰማሁት እዚያ ነው። ንጉሡ የሚናገርበት ቦታ ሲደርሱ ካውያውን ያስቀምጡታል፤ ንጉሥ ልብስ እየተኮሰ የሚናገር እንዳይመስልብን መሰለኝ።

የረመዳንን መግቢያና የዒድን ጨረቃ ለከተማው የሚያዩት እሳቸው ነበሩ። ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። መርፌያቸው ውስጥ ክር የማስገባላቸው እኔ ነበርኩና ጨረቃ ማየትንም ያስተማሩት እኔን ነው። «ፀሐይ ከገባችበት ከጉራጌ ተራራ ጫፍ ሁለት ጣት ከፍ በይ» ይሉኛል፤ «በቀጥታ አትፈልጊው። አጠገቡን ስታዪ ራሱ ይመጣልሻል።»

ስለ ጨረቃ ሁለት ታሪክ ነበራቸው። በአንዱ አንድ የገጠር ሰው በረሃ አቋርጦ ነቢዩ ዘንድ ይመጣና ጨረቃ አየሁ ይላል። በአንድ አላህ ታምናለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ አምናለሁ ሲል በሱ ቃል ብቻ አገሩ ሁሉ ጾም ያዘ። በሌላው ታሪክ ደግሞ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሀል ቆመው ያውላችሁ ይላሉ፤ ከሳቸው በቀር የሚያይ የለም። አንድ ብልህ ሰው ቀረብ ብሎ ቅንድባቸውን በጣቱ ጠረገላቸውና እስቲ አሁን ይዩ አላቸው፤ ቢያዩ ጨረቃው የለም። ለካ ዓይናቸው ላይ የወደቀ ነጭ ፀጉር ኖሯል። እኛ ልጆቹ በዚህኛው እንስቅ ነበር። ሼህ ሁሴን አይስቁም።

ደርግ መጥቶ የእኛንም በዓል ከአገር በዓል ጋር ሲቆጥረው ትልልቆቹ በደስታ ማልቀሳቸውን አስታውሳለሁ። እውነትም የሚያስለቅስ ነበር፤ ከዚያ በፊት እኛ ስናከብር ቢሮውም ትምህርት ቤቱም ክፍት ነበር። ታዲያ በዓሉ የእኛ ብቻ ሳለ ጨረቃውም የእኛ ነበር፤ በዓሉ የአገር ሲሆን ጨረቃው የራዲዮ ሆነ። ሰው ወደ ሰማይ ማየቱን ትቶ ራዲዮ መክበብ ያዘ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ረመዳንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጓድል በጾምኩበት ዓመት፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ ስትገባ የከድር አባት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሽንኩርት እስከ ጫፍ ተጭኖ ቆሟል። ከዚያ የሚበልጥ ከፍታ ከተማው ውስጥ አልነበረም። ወጣሁ፤ ከድርም ተከትሎኝ ወጣ። ተራራው ጫፍ ላይ ሁለት ጣት ለካሁ፣ አጠገቡን አየሁ፣ መጣልኝ። ቀጭን፣ ወደ ጎን ያዘነበለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ከድር «የጥፍር ቁራጭ ይመስላል» አለ። ይህንን ያለው እሱ ነው።

ከመግሪብ በኋላ ወንዶቹ ሼህ ሁሴን በረንዳ ላይ ራዲዮ ከበው ደረስን።

«ሼኽዬ፣ አየሁት» አልኩ።

«ራዲዮው ሳይናገር መይሙና ተናገረች» አለ አንዱ፤ ተሳቀ።

የከድር አባት ጋሽ አወል ግን አልሳቀም። «የት ሆነሽ ነው ያየሽው? ሽንኩርቴ ላይ ቆመሽ?»

«ሽንኩርቱ ምንም አልሆነም፤ ጨረቃውም እንደዚያው።»

ሼህ ሁሴን እጃቸውን አነሡ። «በልጅ ቃል ዒድ አይታወጅም። ሁለት ሆነው አየን ካሉ ግን አዳማ ላሉት ዑለማዎች ስልክ እናስደውላለን። ካንቺ ጋር ማን ነበር?»

«ከድር።»

ከድር አባቱን አየ። አባቱ መኪናውን አየ። ነገ ዒድ ከሆነ የሚነዳ ሾፌር አይገኝም፣ ሽንኩርቱ ባለበት ይበሰብሳል፤ ይህንን እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

«ደመና ነው ያየነው» አለ ከድር።

ራዲዮውም ብዙ ሳይቆይ ጨረቃ አልታየችም፣ በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው አለ። ወንዶቹ ጫማቸውን እያደረጉ ተበተኑ፤ አንዱ ሲያልፍ ራሴን ዳበሰኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሼህ ሁሴን ወደ ካውያቸው ተመለሱ። እኔ የተቆራረጠውን ጨርቅ እለቅም ጀመር፣ እጄ ሥራ እንዲይዝ።

«ዱጋዳ?» አሉኝ። ከልባቸው ሲጠይቁ በኦሮምኛ ነው፤ እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ወላሂ አይቻለሁ።»

«ማይልኝ አላልኩሽም፣ ዱጋዳ ነው ያልኩሽ።»

«እውነት ነው።»

ካውያውን አስቀመጡት። «እንግዲያው ስሚ። በዓይንሽ አይተሽው ከሆነ ላንቺ ነገ ዒድ ነው፤ መጾም ሐራም ነው። ሳታዪ አይቻለሁ ብለሽ ከሆነ ደግሞ መብላቱ ነው ሐራም። እኔ አልፈርድልሽም፣ ዓይን የለኝም። ብትበዪም ሰው አይይሽ፤ የሌላው ሰው ጾም አይረበሽ።» ከዚያ አንዲት ተምር በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

በልጅ ላይ ጾም ግዴታ እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ግን እንደ ልጅ አላናገሩኝም። ያቺን ተምር ይዤ ቤት ስገባ የማደርገው ጠፋኝ፤ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ እናቴ «ምን ሆነሻል፣ እሾህ ላይ ነው የተቀመጥሽው?» አለችኝ። የበረሃው ሰውዬ ነኝ ወይስ ሽማግሌው? ደጋግሜ ቅንድቤን ጠረግኩ። ነጭ ፀጉር ከየት ይመጣል፣ ግን ጠረግኩ። ከድር ደመና ካለ ወዲያ ያየሁት ነገር ራሱ ዓይኔ ላይ እየሳሳ ሄደ፤ በደሉ ውሸታም መባሌ አይደለም፣ የገዛ ዓይኔን ማስጠርጠሩ ነው። በመጨረሻ የያዝኩት ከድር ራሱ ያላትን የጥፍር ቁራጭ ነው። ደመናን ማን ጥፍር ይላል?

ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኳን ታይና «እማማ፣ ነገ ዒድ ነው» ትለኛለች። እሺ እላለሁ፤ ከሰው ጋር እጾማለሁ፣ ከሰው ጋር እፈታለሁ። ግን ምዕራቡን ሳላይ አልገባም፤ ባይም አልናገርም፣ እስካልጠየቁኝ። የሚጠይቀኝም የለም። ሼህ ሁሴን ያኔ ይመኑኝ አይመኑኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፍርዱን ለእኔ ትተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የከበደ ነገር አምኖ የሰጠኝ ሰው የለም።

ያኔ፣ ጨረቃውን ባየሁ በማግስቱ ጠዋት፣ ኤንትሬው ሞተሩን እያሞቀ ነበር። ከድር ከአባቱ ጋር አዲስ አበባ ሊሄድ ከሽንኩርቱ ጫፍ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። በኋላ በኩል ገመዱን ይዤ ወጣሁ።

«ውረጂ፣ አባዬ ያይሻል።»

«እዚህ ማን ያያል? እኔና አንተ ብቻ ነን። ትናንትም እንደዚሁ ነበርን።»

ጨርቁን ፈትቼ ተምሯን ለሁለት ከፈልኳት። ፊቴን ወደ ተራራው አድርጌ ግማሿን በላሁ፣ እያየኝ። ሌላዋን ግማሽ እጁ ላይ አስቀምጬ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኩለትና፣ መኪናው ሳይነሣ ወረድኩ፤ ይብላት አይብላት አላየሁም።