ብርድ ፍለጋ የመጣችው

በሰባ ስምንት ክረምት፣ መካኒሳ የቀበሌው ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ የምንጠብቅ ሁሉ ከነፋሱ ሸሽተን ጥግ ይዘናል። አንዲት እርጉዝ ብቻ ከተከፈተው በር አጠገብ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ ገልጣ ብርዱን ትጠጣዋለች።

«ልጄ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፤ ብርዱ ጨረሰን» አሏት ጋቢ የለበሱ አዛውንት።

«አባባ፣ ቆላ ጥጥ እርሻ ሳለን ወባ ሁለቴ አስወረደኝ። ክሎሮኪኑን ሳላጓድል ብውጥም ወባው መድኃኒቱን ለመደው። ይህን ስፀንስ፣ ትንኝ የማይደፍረው ብርድ ፍለጋ እህቴ ዘንድ መጣሁ።»

አዋላጇ ስትጠራት በሩን ዘግታልን ገባች። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«ዘጠኝ ወር ገባሁ፤ የልጄም ልብ ደህና ይመታል» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አዛውንቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተነሡና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ብርዱ ይግባላት» አሉን።