አንድ ዶልፊን ስንት ስም አለው?

ባሕር አይቼ አላውቅም። ቢሆንም በጉለሌ ስለ ዶልፊን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ካለ ይምጣና እንነጋገር። ጳውሎስ አካባቢ ባለችው ሱቄ ዕድሜዬን ሙሉ ራዲዮና ቴፕ ጠግኛለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ድምፅ ማጉያ ገና ሲያጉረመርም ሕመሙን አውቀዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ውጭ አገር ዶልፊኖች እንዴት እንደሚግባቡ የምታጠና ተመራማሪ ናት። ባለፈው ክረምት ለእረፍት መጥታ እኛ ቤት አረፈች። በየጠዋቱ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከባሕር ውስጥ የተቀዳ ፉጨት ትሰማለች። እያንዳንዱ ዶልፊን ስሙ የሆነ የራሱ ፉጨት እንዳለው የነገረችኝ ዕለት ሌላ ሐሳብ ጠፋኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከዚያ ቅጂዎቹን በመስማት ላግዝሽ አልኳት። ልፈትንዎትና ካለፉ እሰጥዎታለሁ አለች። ሥራውን ምን ያህል እንደፈለግሁት ለማንም አልተናገርኩም።

የሰጠችኝ አንዲት እናት ከግልገሏና ከዘመዶቿ ጋር ስትዋኝ የተቀዳውን ነው። ግልገሉን ለይተው ያውጡት አለችኝ። ሱቄን ዘጋሁ። ዝናቡ ከእንጦጦ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጋቢ ተከናንቤ አዳመጥኩ። አምስት ዓይነት ፉጨት አገኘሁ፤ መልሱም ወዲያው ታየኝ። አምስቱም የግልገሉ ስሞች ናቸው! እናቱ በአንዱ ትጠራዋለች፣ አያቱ በሌላው፣ አክስቱም እሷ ባወጣችለት። እኔ ራሴ እናቴ ዘንድ አንድ፣ አባቴ ዘንድ ሌላ፣ የክርስትና ሌላ፣ የሰፈር ደግሞ ሌላ ስም ነበረኝ።

መልሴን ስነግራት የእህቴ ልጅ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አጎቴ፣ እርስዎ እኮ ባሕሩን ጉለሌ አደረጉት» አለችኝ።

ዶልፊን ስም የሚያወጣለት ዘመድ የለውም። ግልገሉ ገና በሕፃንነቱ ስሙን ራሱ ያወጣል፣ ከዚያም እሱኑ እያፏጨ እዚህ ነኝ ይላል። አምስት ፉጨት ማለት አምስት ዶልፊን ነው ብላ አስረዳችኝ።

ወደቅሁ ማለት ነው። ማዳመጫውን ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ታዲያ ልጇ የጠፋባት እናት የራሷን ስም እየጠራች ነው የምትፈልገው?»

እጇን ሰበሰበች። «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

እንደገና ሰማሁ። ከአምስቱ አንደኛው ፉጨት አልፎ አልፎ ወፈር ይላል፣ መጨረሻውም ላይ ይሰበራል። የመሣሪያ ብልሽት እንዳይሆን ደጋግሜ አጣራሁ፤ ብልሽት እንዲህ አይልም። ስሙ ያው ነው፣ የሚያፏጨው ግን ሌላ፣ ድምፁ የጎለመሰ ዶልፊን ነው። እናቲቱ በልጇ ስም እየተጣራች ነበር።

«ግልገሉ ይሄ ነው፤ ወፈር አድርጋ የምትጠራውም እናቱ ናት» አልኩ።

«አገኙት» አለች።

ይህን ለማወቅ ሰዎች ብዙ እንደደከሙ ኋላ ነገረችኝ። እኔ አንድ ከሰዓት በቃኝ፤ ይህን መናገር ጉራ ከሆነ ይሁን።

ስትሄድ ቅጂዎቹን ኮምፒውተሬ ላይ ጫነችልኝ፤ ለአንዱም ዶልፊን ስም እንዳላወጣ ግን ቃል አስገብታኝ ነው። ቃሌን ጠብቄአለሁ። አሁን ጥሪ ሲሰማ ሁልጊዜ ዘግይታ የምትመልስ አንዲት ዶልፊን ቅጂዎቹ ውስጥ እየተከታተልኩ ነው። ሌሎቹ ሁሉ መልሰው ዝም ካሉ በኋላ ነው ድምጿ የሚሰማው። ለምን እንደምትዘገይ ገና አልገባኝም።