አባቴ ያልተወራረደበት ፈረስ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኖርዌይ፣ ግሩነርሎካ የሚባል ሰፈር ላይ ትራም ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ልጅ አጠገቤ መጥታ ዘፍ አለች። የመጋለቢያ ቆቧን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፣ ረጅም ቡትስ ጫማዋ ላይ ጭቃ ደርቋል። ወዲያው ሽታው መጣ። የፈረስ ላብ፣ እርጥብ ድርቆሽ፣ ዘይት የጠጣ ቆዳ። ሌላ ሰው ቢሆን ወንበር ይቀይር ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም እዚያ ዋለ ማለት ነው?» የሚል ነበር። ሰውዬው አባቴ ነው። ከሞተ ቆይቷል።

ጠርጣራ ነኝ፣ አልክድም። የምበላውም በጥርጣሬዬ ነው። ቢየርቪካ ሰፈር ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ የኢንሹራንስ ጥያቄ አጣራለሁ፤ ሻንጣዬ ጠፋ የሚል ሰው እውነት ሻንጣ ነበረው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ሙያውን ግን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሮምሶስ ሰፈር፣ ቤታችን አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴ ጋር ሆነን ኮሪደር ላይ የተሰቀለ የወንድ ጃኬት እያሸተትን ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ የምጠብቅበት በጋ ነበር። አባቴ የአንድ ትምህርት ቤት ቫክትሜስተር ነበር፤ የተሰበረ ይጠግናል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርሱን ይበላና «ሰው ላገኝ ነው» ብሎ ይወጣል። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ገና በረንዳችን ላይ ተዘርግታ ሳለ ይመለሳል፤ በአፍንጫው ዜማ እያንጎራጎረ ቀጥ ብሎ መታጠቢያ ቤት ይገባል። እናቴ ውሃው ሲከፈት ጠብቃ ጃኬቱን ታነሳለች።

«ሽቶ ቢሸት ነገሩ ይገባኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «ፈረስ ግን ምን ማለት ነው?»

መልሱን ያመጣችላት መስጊድ የምታገኛት ሴት ናት። ባሏ ታክሲ ይነዳል፤ አባቴን ሰው በፈረስ የሚወራረድበት ሜዳ ላይ አይቶታል። እናቴ ያን ቀን ራት ስታቀርብ ሳህኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ አስቀመጠች፤ ሌላ ምልክት አላሳየችም። ወላጆቼ ለሐጅ እየተዘጋጁ ነበር። ከወሎ ከወጡ ጀምሮ የሚመኙት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። እኔን ወደ መኝታ ቤት ጠርታ በሩን ዘጋችና «ቁማር የነካ እጅ ይዤ ካዕባን አልዞርም» አለችኝ። «ከወንድሜ ጋር እሄዳለሁ። ከተመለስኩም ወደዚህ ቤት አልመለስም።» የምሯን ነበር። እናቴ ስትዝት ትጮኻለች፤ ያን ቀን አልጮኸችም።

እሱን አልጠየቀችውም፤ እኔን ላከችኝ። ቀኑ ደርቢ የሚሉት የዓመቱ ትልቁ ውድድር የሚካሄድበት ነበር። የሹራቤን ቆብ ጎትቼ በአውቶቡስ ሄድኩ።

ሜዳው እንደጠበቅኩት የሐራም ቦታ አይመስልም ነበር። ልጆች የአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው አይስክሬም ይልሳሉ፣ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ተደርድረው ጋዜጣ ያገላብጣሉ፣ ድምፅ ማጉያው አያርፍም። የተጠበሰ ቋሊማና የፈረስ ፋንድያ አንድ ላይ ይሸታሉ። ፈረሶቹም እንደማውቀው ፈረስ አይጋለቡም። እያንዳንዱ ባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ይጎትታል፤ ነጂው እግሩን ዘርግቶ ከኋላ ይቀመጣል። የሚፈቀደው ሶምሶማ ብቻ ነው። ግልቢያ የጀመረ ፈረስ ከውድድሩ ይባረራል።

አባቴን አጥር ተደግፎ አገኘሁት። አጠገቡ የልብ ጓደኛው ቆሟል፤ እሱም ታክሲ ነጂ ነው፣ ጎጃሜ ኦርቶዶክስ፣ አባቴን «ሼኹ» እያለ የሚያበሽቅ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹንም ይዞ መጥቷል። እኔ ከቋሊማ መሸጫው ጀርባ ቆምኩ፤ የሚሉትን ሁሉ እሰማ ነበር።

ታክሲ ነጂው ሁሉን ነገር ስልኩ ላይ ያነባል። ፈረሱ ባለፈው ስንተኛ ወጣ፣ ማን ይነዳዋል፣ ከየትኛው ረድፍ ይነሳል፣ የእግሩ ብረት ወልቋል ወይስ አልወለቀም። ብረቱን ያወለቁለት ፈረስ ቀላል ይሆናል፣ ባለቤቱም ያን ቀን የምሩን ነው ይላሉ። አባቴ ስልክ አያይም። የሚያሟሙቁትን ፈረሶች ነው የሚያየው፤ ጆሯቸውን፣ ላባቸውን፣ የጅራታቸውን አያያዝ። ብዙ ጊዜ ይሳሳት እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። ሲያገኝ ግን ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራትን ፈረስ ያገኛል፤ ጓደኞቹን ያሰከራቸው ይሄ ነው።

ያን ቀን ግንባሯ ላይ ነጭ ወዳላት ዳማ ባዝራ ጣቱን ቀሰረ።

«ቦራዋ» አለ።

«ከኋላው ረድፍ ነው የምትነሳው» አለ ታክሲ ነጂው። «ማንም አልያዛትም። አንተስ ይዘሃታል?»

«እኔ አልወራረድም፣ ታውቃለህ።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ በየቅዳሜው መጥቶ ፈረስ የሚመርጥ፣ መርጦ ግን አንድ ቀን የማይወራረድ ሰው። እኔም ብሆን አላምነውም ነበር። ታክሲ ነጂው ትልቁ ቀን ሲመጣ ጥርጣሬው ገነፈለ። አባቴ ለእነሱ አንዷን ነግሮ ለራሱ ሌላዋን የሚይዝ መሰለው። «በእኛ ቤት ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል» አለው። «መርዝ እንደሌለበት የምናውቀው በዚያ ነው። ቅመስ! አንተ መጀመሪያ ተወራረድባት፣ እኛ እንከተልሃለን።»

አባቴ ሳቀ። እነሱ አልሳቁም።

«ሰዎች፣ ለሐጅ እየተዘጋጀሁ ነው» አለ።

«አንዴ ብቻ። ትንሿን።»

«ናይ» አለ አባቴ፤ እምቢ ብሎ ሲቆርጥ በኖርዌይኛ ነው የሚቆርጠው።

ቢቀምስ እናቴን ያጣል፣ ባይቀምስ ጓደኛውን ሊያጣ ነው። አልቀምስም ያለ ሰው የቀዳውን ደግሞ ማን ይጠጣል? ቦራዋን ትተው ስልኩ ያሞገሰላቸውን ጥቁር ፈረስ ያዙ። ታክሲ ነጂው ጀርባውን ሰጠው። አባቴ ጥሏቸው ሄደ። ሰው መሃል ገባና ከዓይኔ ተሰወረ። የመወራረጃው መስኮት በዚያ በኩል ነበር። የፈረሶቹ በረትም በዚያው በኩል ነበር። ቆቤን ከራሴ ላይ አውርጄ ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም።

ፈረሶቹ ለመነሳት ሲሰለፉ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጣም ፈጠነ። የኮቴው ድምፅ ከሩቅ የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይመስላል፤ ሲቀርብ ደረት ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ ፈረስ ከፊት እየመራ መጣና የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግልቢያ ጀመረ፤ ተባረረ። ቦራዋ ከኋላ እየተሳበች መጥታ በአንገት ቀደመች። ሰው ሁሉ ወደ ፈረሷ ሲያይ ታክሲ ነጂው የአባቴን ኪስ ነበር የሚያየው።

«በላህ አይደል?» አለው። «ብቻህን በላህ!»

አባቴ ሊመልስለት ዞር ሲል እኔን አየኝ። ትቶት ወደ እኔ መጣ። ቫፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ገዝቶልኝ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«እናትሽ ልካሽ ነው?»

«ናይ» አልኩት።

«እሺ» አለኝ፣ እንዳላመነኝ ሁለታችንም እያወቅን።

ያን ምሽት የቤታችን ስልክ ጠራ። ታክሲ ነጂው ነው። እናቴን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ባልሽ ዛሬ ጓደኞቹን ጥሎ ብቻውን በልቷል» አላት። እኔ ከዚያ በኋላ እንደ ምስክር ኩሽና ውስጥ ተቀመጥኩ።

«ተወራርዷል?»

«አላየሁም።»

«አላየሁምና አልተወራረደም አንድ ነው? ከዓይንሽ ጠፍቷል?»

«ትንሽ» አልኳት።

ያቺ ትንሽ በቃቻት። ወደ ሳሎን ሄዳ ፊቱ ቆመችና «ማልልኝ» አለችው።

«አልምልም።»

«ንጹሕ ከሆንክ ለምን አትምልም?»

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረሽኝ ኖረሽ ካላመንሽኝ መሐላው ምን ይጨምርልሻል?»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔን ያስፈራኝ ያ ነው። እንደ ሌላ ጊዜ ቢጨቃጨቁ ኖሮ ክፍሌ ገብቼ ሙዚቃ እከፍት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እሱ ሶፋ ላይ ተኛ፣ እሷ ከወንድሟ ጋር በስልክ ስለ ጉዞው ታወራለች፣ እኔ በሁለቱ መካከል ጨው አቀብላለሁ። እውነቱን ልናገርና ከሁለቱ ማንን እንደማምን አላውቅም ነበር። መስኮቱና በረቱ በአንድ በኩል መሆናቸው ዕረፍት ነሳኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። «ልበሺ፣ እንሂድ» አላት። እናቴ ለዐረፋ በዓል የምትለብሰውን ካፖርትና ጥሩውን ሒጃብ አደረገች። ሌባ እጅ ከፍንጅ ልትይዝ ስትሄድ አምራ መሄድ ፈልጋ ይመስለኛል።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ፈረሶቹ በፊቷ አለፉ፤ ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ ሽው ይላሉ።

«ጋሪ ነው እንዴ?» አለች።

አባቴ መሬት መሬት አየ። ኮምቦልቻ ላይ ባለ ጋሪ እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ለሰው ሁሉ «አገር ቤት ሾፌር ነበር» ነው የምትለው። ወላጆቿ ልጃችንን ለባለ ጋሪ አንድርም ብለው ስንት ወር አስለቅሰዋታል፤ ያ ስም ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

«ጋሪ ናፈቀኝ ማለት አፍሬ ነው» አላት። «እዚህ ስቆም ደስ ይለኛል። ሌላ ነገር የለውም።»

«እኔን ይዘህ ብትመጣ ምን ነበረበት?» አለች እናቴ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ተከፍታ ነው። ደስ የሚለው ቦታ እያለ እሷን ትቶ ሄዷል።

ከበረቱ ጀርባ ወዳለው አጥር ወሰደን። ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት ኖርዌጂያዊት የፈረስ አሳዳሪ ቦራዋን እያናፈሰች ነበር፤ ባዝራዋ አባቴን ከሩቅ አይታ አንገቷን በአጥሩ ላይ አሳለፈችለት። ልጅቷ ሳቀች። የደርቢው ቀንም ውድድሩ ሊጀመር ሲል መጥቶ እስኪጠሯቸው ድረስ አጠገባቸው እንደቆመ፣ ለፈረሷም አንድ ነገር እንዳንሾካሾከላት ነገረችን። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«እንደዚያ ብላ ነው ወይስ አንቺ ጨመርሽበት?»

«ናይ እማ፣ እንደዚያ ነው ያለችው።»

እናቴ የልጅቷን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ያለ አስተርጓሚ ልታነበው የፈለገች ይመስል። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «ምን ብለህ ነው ያንሾካሾክህላት?»

«ቀስ በይ፣ እንዳትጋልቢ አልኳት።»

እናቴ መሃረብ ከቦርሳዋ አውጥታ ዓይኗን ጠረገች፤ አቧራ ነው አለች። ስለ ውርርድ ከዚያ በኋላ ጠይቃው አታውቅም።

ልንሄድ ስንል ለቀጣዩ ውድድር ፈረሶች ወጡ። እናቴ ክርኗን አጥሩ ላይ አስደግፋ አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። አንገቷን አቀርቅራ የምትሄድ ነጭ ባዝራ አየችና «ያቺ ጨዋዋ ታሸንፋለች» አለች። እኔ እንኳን ከሳምንት ልምዴ ይታየኝ ነበር፤ ነጯ ገና ሳትነሳ በላብ ተጠምቃለች፣ አንድ የኋላ እግሯን ትጎትታለች። አባቴ ፈረሷን አያት፣ ከዚያ እናቴን አያት።

«ጥሩ መርጠሻል» አላት።

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ማልልኝ!»

«ወላሂ» አላት።

ክንዷን ክንዱ ውስጥ አስገባች። ነጯ ከሁሉም ኋላ ቀርታ ገባች፤ እናቴ እስክትገባ ድረስ አጨበጨበችላት።

ሐጅ አብረው ሄዱ። ከተመለሱ በኋላ አባቴ ብዙ አልቆየልንም። ታክሲ ነጂው ቀብሩ ላይ ከማንም በላይ አለቀሰ፤ ያን ቀን ግን ብቻውን በልቷል ብሎ እስከ ዛሬ ያምናል። እናቴ አሁን ብቻዋን ናት። ልጠይቃት ስሄድ ሻይ እየጠጣን ሳላስበው ታነሳዋለች።

«ነጯ እኮ ጋሪው ከብዷት ነው እንጂ ጥሩ ፈረስ ነበረች። አባትሽ ምሎልኛል።»

እውነቱን ሁሉ ስትጠረጥርበት የኖረች ሴት ያቺን አንዷን ውሸት አምና ቀረች።

«ጥሩ ነበረች እማ» እላታለሁ።