ባለ ሁለት ስልኩ ሰውዬ

የቤተ መጻሕፍቱን የኮምፒውተር ክፍል የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ የዚህ ሰውዬ ነገረ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላማረኝም። ጥቁር ኮቱን በሙቀት እንኳ አያወልቅም። ጥጉን ይዞ፣ የጥበብ ሰዎች ምርምራቸውን ራሳቸው የሚያሳትሙበትን ድረ ገጽ ይከፍትና የተጣፉ ልብሶችን ፎቶ ሲደረድር ይውላል። በሁሉም ላይ ያው ቀይ ክር፣ ያው ደቃቅ ስፌት ነው። ሰው ሲያልፍ ስክሪኑን በመዳፉ ይጋርዳል። የሰው ሥራ ሰርቆ ይሆናል አልኩ በልቤ።

"ጋሼ፣ ለምን አያሳትሙትም?"

"አብራኝ የሠራችው ሴት እሺ ካላለች ድረ ገጹ አያወጣውም። በስልኳ መልእክት ተልኮላታል።"

"ታዲያ ደውለው አይጠይቋትም?"

ኮቱን ደረቱ ላይ ሰብሰብ አደረገ።

ትናንት ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ ሮዝ ሽፋን ያለው የሴት ስልክ ሲያወጣ አየሁት። አሁንስ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት ብዬ አጠገቡ ቆምኩ። የይለፍ ቃሉን ሳያመነታ አስገባ፤ መስታወቱን በመሀረብ ጠርጎ "እስማማለሁ" የሚለውን ነካ። ገጹ የሁለቱንም ስም ይዞ ወጣ። ኮቱ ገለጥ ብሎ ስለነበር ገበሩን አየሁት፤ በቀይ ክር ተጥፏል።

"ደውዬ ነበር" አለኝ ቀና ሳይል። "እሷ ካረፈች ወዲህ የሚጮኸው ኪሴ ውስጥ ነው።"