የሟች ስንቅ

ሆዴ ነው ያዋረደኝ። ሌላ ምክንያት ብፈልግለት አጣሁ።

በጣልያን ጊዜ፣ እዚሁ ልደታ፣ አጥር ብቻ የሚለየን አንዲት ባልቴት ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ልጃቸው አርበኛ ሆኖ ዱር ገብቷል። እኔ በየሳምንቱ እንጨት ልገዛ ወደ ሰበታ ስለምወርድ የልጁን ስንቅ በኔ ይልካሉ፤ አንድ ከረጢት በሶ። ኬላ ላይ እንዳይያዝብኝ ከቀሚሴ ስር ወገቤ ላይ አስሬ አሻግርና እዚያ ለሚጠብቀኝ ገበሬ አስረክባለሁ። ያን ጊዜ እንኳ ደፋር ነበርኩ!

አንድ ቀን ገበሬው ከረጢቱን አልቀበልም አለ። «መልሺው እቴ። ልጁን ገደሉት፤ እኛው ቀበርነው» አለኝ።

ተመልሼ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነገርኩ። «ዋ፣ እንዳትተነፍሺ!» አሉኝ። ለአርበኛ መለቀሱን ጣልያን ከሰማ የእማማን ቤት ያቃጥላል፤ በበሽታ ሞተ የሚባልበት መላ እስኪገኝ መርዶው ይቆይ ተባለ። እሺ አልኩ። ከረጢቱንስ? ብመልሰው ይነቁብኛል። ቤቴ ደግሞ የሚቀመስ አልነበረም። ጨብጬ በላሁት።

በሳምንቱ ሌላ ከረጢት ሰጡኝ። «አደራሽን፣ ያ ልጅ ረኀብ አይችልም» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል።

«እርስዎስ ምን ይበላሉ?» አልኳቸው።

«እኔ አሮጊቷ? ምን ያደርግልኛል!»

ያንንም በላሁ። ሦስተኛውንም። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባል የለ፣ የኔው ምስጢሩንም በሶውንም ቻለው።

በመጨረሻ ወባ ገደለው ይባል ተብሎ መርዶው በማለዳ ተነገረ። እማማ ደጃቸው ላይ የተሰበሰበውን ሰው ሲያዩ፣ ገና አፍ ሳይከፈት ደረታቸውን መቱ። እኔም እንደ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅዬ ሄድኩ። ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናዎት» እያለ ሲቀመጥ፣ እማማ ድንገት ወደኔ ዞሩ።

«የመጨረሻውን በሶ በልቶልኛል?»

ሰው ሁሉ አየኝ። «በልቷል፣ እማማ» አልኩ።

«ተመስገን! ልጄስ ተርቦ አልሞተም» አሉና፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙ። «ይቺ እጅ ናት ያበላችልኝ» አሉ። ልነጥቃቸው ብል አጥብቀው ያዙኝ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ፣ ጥቂትም ብትሆን ካለቻቸው ላይ ሳያጎርሱኝ በልተው አያውቁም። እኔም ጎረስኩ።