አንድ ዙር ብቻ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ንስሐ ገብቼ ሌላውን ሁሉ ስናገር ይህቺን ዘልያት አልፌአለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ አንስቶ የዋሽንግተን ቤዝቦል ቡድን ደጋፊ ነኝ። የወደድኩት ተጫዋች ሁሉ ወደ ሌላ ቡድን ይሄድብኛል። እየመራን ቆይተን መጨረሻ ላይ እንሸነፋለን። "ሁለተኛ አላይም" ብዬ እምላለሁ፤ በሳምንቱ እዚያው ስታዲየም ነኝ። አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ጓደኛዬ ሰለሞን ለቤዝቦል ግድ የለውም። የሚመጣው ብቻዬን እንዳልቀመጥ ብሎ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በመጨረሻው ዙር፣ እኩል ለእኩል ነበርን። ሰለሞን ውሃ ሊገዛ ሄዶ ሳለ ስልኬ ጠራ። ታናሽ እህቱ ናት፣ ከአዲስ አበባ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለሚመለከተው ሰው በቀጥታ አይነገርም፤ መጀመሪያ የሚነገረው ለቅርብ ሰው ነው።

"ጋሼ፣ እማዬ በጣም ደክማለች። የሰለሞንን ድምፅ አሰሙኝ እያለች ነው። እንዳይደነግጥ እርስዎ ቀስ ብለው ይንገሩትና አሁኑኑ ይደውልላት።"

"እሺ" አልኳት።

ሰለሞን መጣ፤ አንዱን ውሃ ለእኔ ሰጠኝ። አልነገርኩትም። ይህ ዙር ይለቅ አልኩ። አለቀ፤ አሁንም እኩል ነን፣ ተጨማሪ ዙር ተጀመረ። አንድ ዙር ብቻ አልኩ። ከዚያም ሌላ አንድ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አልያዘኝም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ እየተሰማኝ ቆሜ አጨበጨብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ተሸነፍን።

መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ነገርኩት።

"መቼ ነው ኮል ያደረገችው?"

"አሁን" አልኩት።

ደወለ። እህቱ "ተኝታለች" አለችው። በማግስቱ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ቤቱ ሄደን መርዶውን ነገርነው። እናቱ ያረፉት እኛ ከመቀመጫችን ሳንነሳ ነበር። ለእህቱ "ከሕዝቡ መሀል መውጫ አጥተን ነው" አልኳት፤ አመነችኝ። ሁለቱ ስለዚያ ሰዓት ተነጋግረው አያውቁም መሰለኝ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ "ሰለሞንን እንዴት አድርጎ እንደያዘው" እያለ አመሰገነኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ያን ቀን ብናሸንፍ ኖሮ ይህን ያህል ይጸጽተኝ ነበር? አላውቅም። ይህን ጥያቄ መጠየቅም ደክሞኛል።

ባለፈው እሑድ በሰፊው እየተመራን ነበር። "ሶሌ፣ በቃ እንሂድ" አልኩት።

"ግድ የለም፣ እስኪያልቅ እቀመጥልሃለሁ" አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የሆነውን አያውቅም። ባለፈው እሑድም እስኪያልቅ ተቀመጥን፤ ቤቱ አደረስኩት፤ አልነገርኩትም።